የተጠቀለለው ክር ሲበጠስ

ጨዋታው የተጀመረው እንደ ሁልጊዜው በማኪያቶ ላይ ነው። ከመካከላችን ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ ያጠናው ወዳጃችን፣ እንደ ልማዱ ሊያስደንቀን ፈልጎ፣ "በእያንዳንዷ የሰውነታችሁ ሴል ውስጥ ሁለት ሜትር የሚሆን ዲኤንኤ አለ፤ ያውም የሚሊሜትር መቶኛ በማትሞላ ኒውክለስ ውስጥ ተጠቅልሎ!" አለን። እኛም እንደ ልማዳችን ተደነቅን። ስኳሩን አማስለን ወደ ሌላ ወሬ ልናልፍ ስንል ግን ሽሮ ሜዳ ተወልዳ ያደገችው ጓደኛችን አቋረጠችን። ያደገችው በሸማኔዎች መሃል ነው፤ የክር ነገር ሲነሳ ዝም አትልም። "እሺ፣ ያ ሁሉ ክር ተጠቅልሏል። መሃል ላይ ቢበጠስስ? እናቴ በቀሰሙ ላይ ያጠነጠነችው ማግ ከውስጥ ከተበጠሰባት ጫፉን ለማግኘት መፍታት አለባት። ሴሏስ ምን ታደርጋለች?"

ባዮሎጂው ወዳጃችን ጭንቅላቱን አከክ አክክ አደረገ። "እሱ ጥያቄ ፈተና ላይ መጥቶ አያውቅም" አለ። ሳቅን። ከሳቁ በኋላ ግን ነገሩ አልለቀቀንም። ሁላችንም አሥራ አንደኛና አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለን "ክሮማቲን" የምትባለውን ቃል ሸምድደናል። ትርጓሜዋን ጽፈን ነጥባችንን ወስደናል። ምን እንደምትሠራ ግን ማናችንም አናውቅም ነበር።

ከዚያ ወዲያ ስናነብ ከረምን። ጥያቄው ፈተና ላይ ያልመጣው ያለ ምክንያት እንዳልሆነም ደረስንበት፤ ሳይንሱ ራሱ ለረጅም ዘመን አልጠየቀውም። ዲኤንኤ የሚጠቀለልበት ነገር እንደ ጆንያ ተቆጥሮ ኖሯል፤ እህሉን እንጂ ጆንያውን ማን ያያል? የዛሬው ወጋችን ይህ "ጆንያ" የጥገናው ዋነኛ ሠራተኛ ሆኖ የተገኘበት ታሪክ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፤ ቅነሳውን ለእናንተ ትተናል።)

ቀለም የሚጠጣው ነገር

ታሪኩ የሚጀምረው ደስ በማይል ቦታ ነው፤ ከመግል። በ1869 ፍሪድሪክ ሚሸር የተባለ ወጣት ስዊዘርላንዳዊ ሐኪም በጀርመኗ ቱቢንገን ከተማ፣ የድሮ ቤተ መንግሥት ማድ ቤት በነበረ ላብራቶሪ ውስጥ፣ ከሆስፒታል የመጣ የቁስል ፋሻ እያጠበ የነጭ ደም ሴሎችን ይመረምር ነበር። ከሴሎቹ ኒውክለስ ውስጥ ፎስፈረስ የበዛበት፣ ከታወቁት ፕሮቲኖች የተለየ ነገር አገኘ። "ኑክሊን" አለው። ዛሬ ዲኤንኤ የምንለው ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው እጅ የገባው ያን ጊዜ ነው።

ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ ቫልተር ፍሌሚንግ የተባለ ጀርመናዊ፣ ኪል ከተማ ውስጥ፣ የሳላማንደር ሴሎችን በቀለም እየነከረ በማይክሮስኮፕ ያይ ነበር። ኒውክለሱ ውስጥ ቀለሙን ጥርግ አድርጎ የሚጠጣ ክር መሰል ነገር አየ። ቀለም የሚል ትርጉም ካለው የግሪክ ቃል ተነስቶ "ክሮማቲን" ብሎ ሰየመው። ልብ በሉ፤ እኛ ለፈተና የሸመደድናት ቃል መነሻዋ "ቀለም የሚይዝ ነገር" ከማለት አያልፍም። ስሙ የወጣው ከመልኩ እንጂ ከሥራው አይደለም፤ ሥራውን ያን ጊዜ የሚያውቅ ሰው አልነበረማ።

በ1884 ሦስተኛው ሰው መጣ። አልብረክት ኮሰል ከዝይ ቀይ የደም ሴሎች (የወፎች ቀይ የደም ሴል እንደኛ አይደለም፤ ኒውክለስ አለው) አንድ ፕሮቲን ለይቶ አወጣ። "ሂስቶን" አለው። እንግዲህ ክሮማቲን ማለት ዲኤንኤና ሂስቶን አንድ ላይ ሆነው ማለት ነው። ዋና ዋናዎቹ ተዋንያን 19ኛው ክፍለ ዘመን ሳያልቅ መድረክ ላይ ነበሩ። ድራማው ግን ገና ነው።

መሰላሉ ራቁቱን ቀረበ

በ1953 ጄምስ ዋትሰንና ፍራንሲስ ክሪክ የዲኤንኤን ጥምዝ መሰላል ለዓለም አሳዩ። ሮዛሊንድ ፍራንክሊን በኤክስሬይ ያነሳቻቸው ምስሎችና ልኬቶቿ ለዚህ መሠረት ነበሩ። መሰላሉ በጣም ውብ ስለነበር ሁሉም ዓይኑን እሱ ላይ ተከለ። ውበቱ ግን ሁለት ነገሮችን ጋረደ። አንደኛ፣ መሰላሉ ሥዕሉ ላይ ራቁቱን ነው፤ በሴል ውስጥ ግን ራቁቱን ብዙም አይገኝም። ሁለተኛ፣ መሰላሉ የማይነካ ድንጋይ መሰለ። ክሪክ ራሱ ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ1974፣ በጻፈው ትዝታ ስለ ጥገና ጨርሶ እንዳላሰቡ በግልጽ አምኗል። የአንዱ ወገን ክር ሲጎዳ ሌላኛው ወገን እንደ ቅጂ ሊያገለግል እንደሚችል ከፊታቸው ተቀምጦ ነበር። አልታያቸውም።

መሰላሉ ድንጋይ አለመሆኑን ካሳዩት አንዱ ስዊድናዊው ቶማስ ሊንዳል ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ዲኤንኤ በገዛ ሙቀቱና በዙሪያው ባለው ውኃ ብቻ ምን ያህል እንደሚፈርስ ለካ። ውጤቱ የሚያስደነግጥ ነበር፤ በአንዲት የሰው ሴል ውስጥ በቀን ወደ 10,000 የሚጠጉ ፊደላት ከመሰላሉ ይወድቃሉ። ሲጋራ ሳይጨስ፣ ፀሐይ ሳይሞቅ፣ እንዲሁ በመኖር ብቻ! የማይጠግነው ቢኖርማ ማናችንም እዚህ ተቀምጠን ማኪያቶ ባልጠጣን።

ጠጋኞቹ እንዳሉ ደግሞ ቀድሞ ታይቷል። በ1964 የተለያዩ ተመራማሪዎች ባክቴሪያዎች በአልትራቫዮሌት ጨረር የተበላሸባቸውን የዲኤንኤ ቁራጭ ቆርጠው እንደሚያወጡ አሳዩ። በ1968 ደግሞ ጄምስ ክሊቨር ነገሩን ወደ ሰው አመጣው። ዜሮደርማ ፒግመንቶሰም የሚባል በዘር የሚወረስ በሽታ አለ። ያለባቸው ልጆች ፀሐይ ሲነካቸው ቆዳቸው ይጎዳል፤ በልጅነታቸው የቆዳ ካንሰር ይይዛቸዋል። ክሊቨር ስለ በሽታው ያነበበው በጋዜጣ ነበር። (እኛ ጋዜጣ አንብበን የምናመጣው ክርክር ብቻ ነው!) የበሽተኞቹን ሴሎች አስመጥቶ ቢመረምር የአልትራቫዮሌትን ጉዳት በአግባቡ መጠገን አቅቷቸው አገኛቸው። ጥገና ከሌለ ካንሰር አለ ማለት ነው። የነገሩ ክብደት ያን ጊዜ ግልጽ ሆነ።

ግን አሁንም የጓደኛችን ጥያቄ አልተጠየቀም። ጠጋኞቹ አሉ፤ እሺ። ወደ ስብራቱ የሚደርሱት በየት በኩል ነው?

ቀሰሙ ተገኘ

እስከ 1970ዎቹ ድረስ ብዙዎች የሚገምቱት ሂስቶኖች ዲኤንኤውን ከላይ ለብሰውት እንደሆነ ነበር፤ ሽቦ ላይ እንዳለ ፕላስቲክ። ከዚያ አዳና ዶናልድ ኦሊንስ የተባሉ ባልና ሚስት በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ክሮማቲንን ሲያዩ ክር ላይ የተሰካ ጨሌ የመሰለ ነገር አዩ። በ1974 ሮጀር ኮርንበርግ የጨሌውን ፍቺ አመጣ፤ ስምንት ሂስቶኖች አንድ ላይ ተጠጋግተው እምብርት ይሆናሉ፣ ዲኤንኤውም በዙሪያቸው ይጠመጠማል። አንዷ ጨሌ "ኑክሊዮሶም" ተባለች። በ1997 ዙሪክ የሚገኘው የቲሞቲ ሪችመንድ ላብራቶሪ ዝርዝር ሥዕሏን አወጣ፤ ዲኤንኤው ሁለት ዙር ለመሙላት ትንሽ ሲቀረው ይታያል።

የሽሮ ሜዳዋ ጓደኛችን ይህንን ስትሰማ "በቃ ቀሰም ነዋ!" አለች። ማግ የሚጠነጠንባት ያቺ ትንሽ ዘንግ ማለቷ ነው። ልክ ናት። ልዩነቱ ቁጥሩ ነው፤ በአንዲት የሰው ሴል ውስጥ ወደ 30 ሚሊዮን የሚሆኑ ቀሰሞች አሉ። መጠንጠኑ ደግሞ ቦታ ለመቆጠብ ብቻ አይደለም። ጥብቅ ብሎ የተጠቀለለ ዲኤንኤ ከራቁቱ ዲኤንኤ ይልቅ በጨረር የመሰበር ዕድሉ አነስ ይላል። ጥቅልሉ ጋሻም ነው። ጣጣው፣ ጋሻው ጉዳት አድራሹን ብቻ ሳይሆን ጠጋኙንም ይከለክላል።

እዚህ ላይ በሰፊው የማይታወቅ አንድ ሥራ ይመጣል። በ1978 ማይክል ስመርደንና ማይክል ሊበርማን ላብራቶሪ ውስጥ የሚያድጉ የሰው ሴሎችን በአልትራቫዮሌት መቱና ሴሎቹ ሲጠግኑ አዲስ የሚገባውን የዲኤንኤ ቁራጭ በራዲዮአክቲቭ ምልክት ለዩት። ከዚያ ዲኤንኤ የሚቆርጥ ኢንዛይም ለቀቁበት። ቀሰም ላይ የተጠመጠመ ዲኤንኤ ከኢንዛይሙ ይተርፋል፤ የተፈታ ይቆረጣል። አዲሱ ቁራጭ ምን ሆነ? ጥገናው እንደተካሄደ ወዲያው ሲታይ ቶሎ ተቆረጠ፤ ራቁቱን ነበር ማለት ነው። ከሰዓታት በኋላ ሲታይ ግን እንደ ሌላው ዲኤንኤ ተሸፍኖ ተገኘ።

ሙከራው ቀላል ነው፤ የሚናገረው ግን ትልቅ ነው። በጥገናው ቦታ ክሩ ተፈትቶ፣ ተጠግኖ፣ ተመልሶ ተጠንጥኗል። ስመርደን በኋላ ነገሩን በሦስት እርምጃ አስቀመጠው፤ መንገድ መክፈት፣ መጠገን፣ መመለስ። የጓደኛችን እናት ይህንን ሳትማር ታውቀዋለች።

ማን ይፈታዋል ለሚለው ጥያቄ ግን መልስ አልነበረም። መልሱ ማንም ባልጠበቀበት በኩል መጣ፤ በእርሾ።

ስኳር መብላት ያቃተው እርሾ

እርሾ ስንል ሌላ አይምሰላችሁ። ዳቦ የሚያስነሳው፣ ጠላችን ውስጥም የሚገኘው ያው እርሾ ነው። ከሰው ጋር በብዙ ነገር ስለሚመሳሰልና በሁለት ሰዓት ውስጥ ስለሚራባ ሳይንቲስቶች ይወዱታል።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ ኒውዮርክ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የምትሠራው ማሪያን ካርልሰን ሱክሮስ፣ ማለትም ሻይ ውስጥ የምንጨምረውን ስኳር፣ መጠቀም ያቃታቸውን እርሾዎች ታድን ነበር። የተበላሹባቸውን ጂኖች "ሱክሮስ የማያብላላ" ከሚለው አሳጥራ "ኤስኤንኤፍ" አለቻቸው፤ በቁጥርም ደረደረቻቸው። አምስተኛው፣ ኤስኤንኤፍ-5፣ በኋላ ይመጣልና አደራ እንዳትረሱት። በዚያው ዘመን ሳንፍራንሲስኮ ላይ የአይራ ሄርስኮዊትዝ ቡድን ፈጽሞ ሌላ ነገር ይፈልግ ነበር። እርሾ "ወንድና ሴት" ዓይነት ሁለት የመራቢያ ዓይነት አለው፤ አንዱ ወደ ሌላው መቀየር ይችላል። ለመቀየር "ኤችኦ" የሚባል ኢንዛይም ዲኤንኤውን አንድ የተወሰነ ቦታ ላይ ይሰብራል፤ ስብራቱ ሲጠገን ዓይነቱ ይለወጣል። ይህ ኢንዛይም እንዲመረት የሚያስፈልጉትን ጂኖች "መቀየር" ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል "ስዊ" አሏቸው።

አንዱ ስለ ስኳር፣ ሌላው ስለ መራቢያ። ምን አገናኛቸው? ጂኖቹ ሲነበቡ ስዊ-2 እና ኤስኤንኤፍ-2 ያው አንድ ጂን ሆነው አረፉት! ሁለት ቡድኖች የአንድን ዝሆን ግንባርና ጅራት ይዘው ኖረዋል። ከዚያ በ1990ዎቹ መጀመሪያ እንግዳ ነገር ታየ፤ እነዚህ ጂኖች በተበላሹበት እርሾ ውስጥ የሂስቶን መጠን ሲቀነስ ችግሩ ይቃለላል። እንቆቅልሹ ተፈታ። የነዚህ ጂኖች ሥራ ሂስቶንን ማስነሳት ነበር፤ ሂስቶኑ ከቀነሰ እነሱም ያን ያህል አያስፈልጉም።

በ1994 ከእርሾም ከሰው ሴልም ተጣርቶ የወጣው የፕሮቲን ስብስብ፣ "ስዊ-ስኒፍ" የተባለው፣ የሴሏን ነዳጅ ኤቲፒን እያቃጠለ በኑክሊዮሶሙ ላይ ያለውን ዲኤንኤ ሲያላላ በላብራቶሪ ታየ። የመጀመሪያዎቹ ፈቺዎች ተያዙ። ፈረንጆቹ ሥራውን "ክሮማቲን ሪሞዴሊንግ" ይሉታል፤ እኛ "ጥቅልል ማደላደል" ብንለውስ? አደላዳዮቹ በርካታ ቤተሰብ ናቸው። አንዳንዱ ቀሰሙን በክሩ ላይ ገፋ ያደርጋል፤ አንዳንዱ ቀሰሙን ነቅሎ ያወጣል፤ አንዳንዱ ከስምንቱ ሂስቶኖች የተወሰኑትን በሌላ ዓይነት ይተካል። ነዳጃቸው ግን አንድ ነው።

ስብራቱ ይጮኻል

ፈቺው ተገኘ እንበል። ሠላሳ ሚሊዮን ቀሰም ካለበት መጋዘን ውስጥ የትኛውን እንደሚፈታ ማን ይነግረዋል?

በ1998 አሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ኢንስቲትዩት ውስጥ የዊልያም ቦነር ቡድን መልሱን ከዚያው ከ"ጆንያው" ውስጥ አገኘ። "ኤችቱኤኤክስ" የሚባል የሂስቶን ዓይነት አለ፤ በየቀሰሙ ሳይሆን እዚህም እዚያም ተበትኖ ይገኛል። ዲኤንኤው ሁለቱም ወገኑ ሲበጠስ በስብራቱ አካባቢ ያሉት ኤችቱኤኤክሶች በደቂቃዎች ውስጥ የፎስፌት ምልክት ይለጠፍባቸዋል። አንድ ሁለቱ ላይ ብቻ አይደለም፤ ምልክቱ ከስብራቱ ግራና ቀኝ በመቶ ሺዎች በሚቆጠሩ ፊደላት ርቀት ላይ ይዘረጋል። ሰፈር ውስጥ ሐዘን ሲኖር ድንኳን መንገዱ ላይ ይተከል የለ? እንደዚያ ነው፤ ለቅሶ ቤቱ ከሩቅ ይታወቃል። ዛሬ ተመራማሪዎች በሴል ውስጥ የዲኤንኤ ስብራት መኖሩን ሲፈትሹ አዘውትረው የሚፈልጉት ይህንኑ ምልክት ነው።

ቀጥሎ ምልክቱና ፈቺው መገናኘት ነበረባቸው። በ2004 የሱዛን ጋሰርና የሹተን ሸን ቡድኖች፣ እያንዳንዳቸው ለብቻ፣ "አይኤንኦ-80" የተባለው አደላዳይ ምልክቱ ወደተለጠፈባቸው ሂስቶኖች፣ ማለትም ወደ ስብራቱ፣ እንደሚሄድ አሳዩ። አይኤንኦ-80 ሲጎድል ሴሎቹ ዲኤንኤ ሰባሪ ኬሚካሎችን መቋቋም ያቅታቸዋል። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ስዊ-ስኒፍና ሌሎቹም አደላዳዮች ተራ በተራ ስብራት ቦታ ላይ "ተያዙ"።

የሚገርመው ነገር ምን መሰላችሁ? ለነዚህ ጥናቶች አንድ የታወቀ ቦታ ላይ፣ በታወቀ ሰዓት፣ አንድ ስብራት ብቻ መፍጠር የሚችል መሣሪያ ያስፈልግ ነበር። መሣሪያው ማን ሆነ? ያ የእርሾ መራቢያን የሚቀይረው ኤችኦ! "ለምን ይጠቅማል?" ተብሎ ሊሳቅበት ይችል የነበረው ጥናት ፈቺውንም፣ የመፈተኛ መቀሱንም አንድ ላይ አስረከበ።

ፈትቶ መተው አይቻልም

እስካሁን የጥገናውን ግማሽ ነው ያወጋነው። ክሩን ፈትቶ፣ ጠግኖ፣ እንዲሁ ዝርግፍ አድርጎ መሄድ ጥገና አይባልም። ተፈትቶ የቀረ ዲኤንኤ ለሚቀጥለው ጉዳት ክፍት ነው። በዚያ ላይ የትኛው ጂን ዝም ይበል፣ የትኛው ይናገር የሚለው ትዕዛዝ በከፊል የተጻፈው አጠቃለሉ ላይ ነው። የጉበት ሴል ጉበትነቷን፣ የቆዳ ሴል ቆዳነቷን የምታስታውሰው በዚህ ጭምር ነው። ፊደሉ ተጠግኖ አጠቃለሉ ቢዘበራረቅ መጽሐፉ ደህና ሆኖ ማውጫው የጠፋ ማለት ነው።

በ1996 ዠኔቪየቭ አልሙዝኒና ባልደረቦቿ "ካፍ-1" የሚባል ፕሮቲን፣ ሴል ስትከፋፈል አዳዲስ ኑክሊዮሶም በመገጣጠም የሚታወቀው፣ ከዲኤንኤ ጥገና ጋር እጅ ለእጅ ተያይዞ እንደሚሠራ አሳዩ። ጠጋኙ ከኋላው ጠቅላዩን ይዞ ይሄዳል ማለት ነው። በ2008 ደግሞ ከእርሾ የመጣ ሌላ ማስረጃ ነገሩን ይበልጥ አጠበቀው፤ ስብራቱ ከተጠገነ በኋላ ክሮማቲኑ ተመልሶ ካልተጠቀለለ ሴሏ ማንቂያ ደወሉን አታጠፋም፤ "ጥገናው አልቋል፣ ሥራችሁን ቀጥሉ" የሚለውም ትዕዛዝ አይወጣም። ለሴሏ፣ መጠቅለሉ የጥገናው የመጨረሻ ፊርማ ነው።

ጥገናውስ ባይሳካ? የተበጠሰው ጫፍ ከራሱ ጫፍ ጋር ሳይሆን ከሌላ ክሮሞዞም ጫፍ ጋር ሊቀጠል ይችላል፤ ቁራጭ ይጠፋል፤ ቁራጭ ይደገማል። ስለ "የጂኖም መረጋጋት" ሲወራ የሚወራው ስለዚህ ነው፤ ሴሏ ከእናቷ የተረከበችውን መጽሐፍ ገጽ ሳትቀድና ሳታቀያይር ለልጇ ማስረከቧ። ይህ ሲናጋ ደጃፉ ላይ የሚቆመው ካንሰር ነው።

ኤስኤንኤፍ-5 ተመልሶ መጣ

አትርሱት ያልነውን ታስታውሳላችሁ? ስኳር መብላት ያቃተውን እርሾ፣ ቁጥር አምስት?

በ1998 ፓሪስ ውስጥ የኦሊቪየ ዴላትር ቡድን "ራብዶይድ" የሚባል እጅግ ክፉ ካንሰር ያጠና ነበር። የሚይዘው በአብዛኛው ሕፃናትን ነው፤ ብዙዎቹ ሦስት ዓመት እንኳ ያልሞላቸው። ኩላሊት ላይ ይወጣል፤ አንጎል ላይ ይወጣል። በነዚህ ዕጢዎች ውስጥ ከ22ኛው ክሮሞዞም ተደጋግሞ የሚጠፋ አንድ ጂን ነበር። ጂኑ ሲነበብ የኤስኤንኤፍ-5 የሰው ዘመድ ሆኖ ተገኘ፤ የአደላዳዩ የስዊ-ስኒፍ አንድ አካል። ዛሬ የፓቶሎጂ ባለሙያ የሕፃን ዕጢ ናሙና ደርሶት ይህንን በሽታ ሲጠረጥር የዚያ ጂን ፕሮቲን ናሙናው ውስጥ መኖር አለመኖሩን በቀለም ይፈትሻል። ከጠፋ፣ ምርመራው ወደዚያ ያመለክታል።

ነገሩ ግን በአንድ ብርቅዬ በሽታ አላበቃም። በ2010 የዚሁ ስብስብ አባል የሆነ "አሪድ-1ኤ" የተባለ ጂን በአንድ ዓይነት የማህፀን እንቁልጢ ካንሰር ውስጥ ግማሽ ገደማ በሚሆኑት ተበላሽቶ ተገኘ። በ2013 ደግሞ የብዙ ካንሰሮች መረጃ ሲደመር ከአምስቱ በአንዱ ገደማ ውስጥ የዚህ ቤተሰብ አንድ አባል ተበላሽቶ ታየ። "ጆንያው" የሚባለው ነገር!

እዚህ ላይ ግን ፍጥነታችንን መቀነስ አለብን፤ ማጋነን የኛ ዘመን በሽታ ነው። አደላዳዮቹ ጥገናን ብቻ አያግዙም፤ ጂኖችን የሚያበሩና የሚያጠፉም እነሱ ናቸው። ስለዚህ አንዱ ሲጎድል ካንሰሩ የመጣው ጥገናው ስለተስተጓጎለ ነው ወይስ ጂኖቹ ስለተዘበራረቁ? እንደ ዕጢው ይለያያል። ራብዶይድ ራሱ ጂኖሙ ብዙም ያልተረበሸ ካንሰር ነው፤ ስለዚህ የጂኖች መዘበራረቅ ያይላል። አሪድ-1ኤ ግን በ2015 ስብራት ቦታ ላይ ሲሠራ ታይቷል፤ ሲጠፋም ሴሎቹ ስብራትን መቋቋም ይከብዳቸዋል። አንድ ቤተሰብ፣ ሁለት ሥራ፣ ሁለት ዓይነት ውድቀት።

የመድኃኒቱም ነገር ከዚሁ ጋር ይያያዛል። "ፓርፕ" የሚባል ኢንዛይም አለ፤ ዲኤንኤ ሲበጠስ ከመጀመሪያዎቹ ደራሾች አንዱ ነው። ስብራቱ ላይ ረጃጅም የኬሚካል ሰንሰለት ይሠራል። በ2009 "ኤኤልሲ-1" የተባለ አደላዳይ ይህንን ሰንሰለት ይዞ ቀሰሞቹን ገፋ እንደሚያደርግ ታየ። ፓርፕን የሚያስሩ መድኃኒቶች ደግሞ ብራካ የተባሉት የጥገና ጂኖች በተበላሹባቸው ካንሰሮች ላይ ይሠራሉ፤ የመጀመሪያው፣ ኦላፓሪብ፣ በ2014 አውሮፓና አሜሪካ ፈቃድ አገኘ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ የካንሰሩ ሴል አንድ የጥገና መንገዱ ቀድሞ ተዘግቷል፤ ሁለተኛውን ስትዘጋበት ይሞታል፤ ጤነኛዋ ሴል ግን የመጀመሪያው መንገድ ስላላት ትተርፋለች። ኤኤልሲ-1 የጎደለባቸው ሴሎች ለነዚህ መድኃኒቶች ይበልጥ እንደሚጋለጡ በቅርብ ዓመታት ታይቷል። ስለዚህ ፈቺውን ማሰር ራሱ ሕክምና ይሆን እንደሆነ እየተጠና ነው።

እና ምን ይሁን?

በ2015 የኬሚስትሪ ኖቤል ለሊንዳል፣ ለፖል ሞድሪችና ለአዚዝ ሳንጃር ተሰጠ፤ ለዲኤንኤ ጥገና። ይገባቸዋል። ጠጋኞቹን አንድ በአንድ ያሳዩን እነሱና መሰሎቻቸው ናቸው። ነገር ግን የቁሳቁስ ሳጥኑ ሞልቶ በሩ ከተቆለፈ ጠጋኙ ምን ይፈይዳል? በሩን የሚከፍቱት፣ ሥራው ሲያልቅም መልሰው የሚዘጉት፣ ከስኳርና ከመራቢያ የተነሱት የእርሾ ጂኖች ናቸው።

ይህንን ታሪክ ስናነብ እኛን የነካን አንድ ነገር አለ። ክሮማቲን ስሙን ካገኘ እስከ 1978 ድረስ መቶ ዓመት ገደማ ነው። በዚያ መቶ ዓመት ውስጥ ሰነፎች አልነበሩም፤ ከዘመኑ ሊቆች አንደኞቹ ነበሩ። "የተጠቀለለ ክር ሲበጠስ ምን ይሆናል?" የሚለውን ጥያቄ ያላነሱት ጥቅልሉን እንደ ዕቃ ማስቀመጫ ስላዩት ነው። እኛም ትምህርት ቤት የደረሰን በዚያው መልኩ ነው፤ "ክሮማቲን ማለት" ተብሎ የሚጀምር፣ በአራት ነጥብ የሚዘጋ ዓረፍተ ነገር። ከአራት ነጥቡ በኋላ "ታዲያ ቢበጠስስ?" የሚል ልጅ ክፍል ውስጥ ቢኖር ምን እንደሚባል ሁላችሁም ታውቃላችሁ። "ከርዕሱ አትውጣ!"

ለነገሩ ያን ጥያቄ ለመጠየቅ ዲግሪ አላስፈለገም። ጥያቄው የመጣው ከሽሮ ሜዳ ነው፤ እናቷ በቀሰሟ ጎን ተቀምጣ ስትሠራ እያየች ካደገች ልጅ። ባለፈው ቅዳሜ ያገኘነውን ሁሉ ቁጭ አድርገን ነገርናት፤ ፈቺውን፣ ምልክቱን፣ ጠቅላዩን፣ ሕፃናቱን። እስከ መጨረሻው ሰማችን። ከዚያ ማኪያቶዋን አስቀምጣ ሌላ ጥያቄ አመጣች፤ "እሺ፣ ተመልሶ ሲጠቀለል እንደ ድሮው መጠቅለሉን በምን ያውቃል? እናቴ እንኳ ሁለተኛ ስታጠነጥነው ልክ እንደ መጀመሪያው አይመጣላትም።"

ባዮሎጂው ወዳጃችን እንደገና ጭንቅላቱን አከከ። ይህኛው ጥያቄ አሁንም በየላብራቶሪው ሥራ ላይ ያለ ነው። አንዳንዱ አሮጌ ሂስቶን ከስብራቱ ገለል ብሎ ቆይቶ እንደሚመለስ፣ ከአዲሶቹ ጋርም እንደሚቀላቀል ታይቷል፤ የድሮው ትዕዛዝ ሙሉ በሙሉ የሚመለሰው እንዴት እንደሆነ ግን ገና እየተፈተሸ ነው።

እንግዲህ ከእናንተ መሃል ባዮሎጂ የምታጠኑ ካላችሁ ጥያቄዋን ውሰዷት። ፈተና ላይ ባትመጣም።

ቸር እንሰንብት!